ጽዋው ዘርፌ ቤት ነው

ታኅሣሥ ገብቷል፤ ደብረ ብርሃን ውስጥ የሰፈሩ የሚካኤል ማኅበር መሪ፣ ሙሴው ጋሽ እንዳሻው ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ከወይዘሮ ዘርፌ አጥር ውጭ ቆመዋል፤ ባለቤቲቱም በራፏ ላይ ወንበር አውጥታ «ይግቡ» ማለት ከሰለቻት ቆይቷል።

ዘርፌ፦ አልሰጥም አልኩ እኮ! ጽዋውን የተቀበልኩት በእልልታ ነው፤ በአጥር ላይ አሳልፌ አልሰጥም።

እንዳሻው፦ ቀስ በይ እንጂ ዘርፌ፣ ሰው ይሰማል።

ዘርፌ፦ ይስማ! ሰው ካየሁ ስንት ጊዜዬ። ሰምቶ ብቅ የሚል ከተገኘ ደስታዬ ነው።

እንዳሻው፦ እኔ ሰው አይደለሁም?

ዘርፌ፦ እርስዎን መቼ አየሁ? እኔ የማየው ጋቢ ነው። ከጋቢው በላይ ሁለት ዓይን፣ ከጋቢው በታች ሁለት ጫማ። እስቲ ከአፍንጫዎ ላይ ያውርዱትና ከማን ጋር እንደማወራ ልወቅ።

እንዳሻው፦ ብርዱ ነው። የታኅሣሥን ብርድ ታውቂው የለ።

ዘርፌ፦ ፀሐይ ላይ ቆመው?

እንዳሻው፦ የደብረ ብርሃን ፀሐይ ምን ያሞቃል ብለሽ ነው።

ዘርፌ፦ እንግዲያው ይግቡ፤ ቤት ውስጥ ከሰል አቀጣጥያለሁ። ወንበሩንም ወልውዬዋለሁ።

እንዳሻው፦ አይ፣ እዚሁ ይሻለኛል። ቸኩያለሁ።

ዘርፌ፦ የቸኮለ ሰው እኮ ጉዳዩን ተናግሮ ይሄዳል። እርስዎ ከመጡ ጀምሮ እግር እየቀያየሩ ቆመዋል።

እንዳሻው፦ ጉዳዬንማ ተናገርኩ። ጽዋውን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለሽ በራፉ ላይ አስቀምጪልኝና አንቺ ወደ ውስጥ ግቢ። እኔ መጥቼ አነሳዋለሁ። በቃ፣ ሌላ ጣጣ የለውም።

ዘርፌ፦ በጨርቅ?

እንዳሻው፦ ለክብሩ ነው። ጽዋ አይደል?

ዘርፌ፦ ባለፈው ወር ትርንጎ ቤት ሲያስረክቡኝ በባዶ እጅዎ ነበር ያቀፉት። ግንባሬን አስነክተው «የሚመጣው ወር ተራው ያንቺ ነው፣ ሚካኤል በደህና ያድርስሽ» ብለው ሸኙኝ። ያን ጊዜ ክብር አልነበረውም?

እንዳሻው፦ ያን ጊዜ አናውቅም ነበር።

ዘርፌ፦ ያን ጊዜ ክኒኑን እየዋጥኩ ነበር። አሁን ጨርሻለሁ፤ ተመርምሬ ነጻ ነሽ ተብያለሁ። ስታመም አቅፋችሁኝ ስድን ሸሻችሁኝ ማለት ነው።

እንዳሻው፦ እኔ በግሌ ምንም የለኝም።

ዘርፌ፦ በግልዎ ምንም ከሌለዎት በግልዎ ይግቡ።

እንዳሻው፦ ሙሴ ነኝ እኮ ዘርፌ። ሙሴ የራሱ እግር የለውም፤ ማኅበሩ ወዳለው ነው የሚሄደው።

ዘርፌ፦ ሐኪሙ ምን እንዳለኝ ልንገርዎ? «እናቴ፣ ከእንግዲህ ማንንም አታስይዢም። ከልጅ ልጅሽ ጋር በአንድ ኩባያ ብትጠጪም ምንም አይደል» ነው ያለኝ።

እንዳሻው፦ ሐኪሙ መልካም ሰው ነው። ግን ማኅበርተኛ አይደለም። ለሚካኤል እዚህ ቤት ገብቶ ከጽዋው የሚቀምሰው እሱ አይደለም።

ዘርፌ፦ ብጠራው ይመጣል።

እንዳሻው፦ እንግዲያው ጥሪው! አንቺና ሐኪሙ ማኅበር ትጠጣላችሁ።

ዘርፌ፦ ይቀልዱብኛል?

እንዳሻው፦ ምን ልበልሽ ብዬ ነው። አፌ ነው፣ ይቅር በይኝ። ግን አንቺም ጥፋት አለብሽ። ያን ሁሉ ወር ደብቀሽ፣ ዝም ብለሽ ታክመሽ፣ ዝም ብለሽ ድነሽ፣ እንደዚያው ዝም ብትዪ ምን ነበረበት? ማን አወቀብሽ?

ዘርፌ፦ ማንም። ጠዋት ጠዋት ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ ጤና ጣቢያ ስወጣ ሰፈሩ ኪዳን የምሄድ መስሎት ነበር። ትርንጎ «ዘርፌ ልትመነኩስ ነው መሰል፣ ኪዳን አይቀራትም» እያለች ታስወራልኝ ነበር። እንደዚያ ዘመን ተከብሬ አላውቅም።

እንዳሻው፦ ይኸውልሽ! ተከብረሽ መኖር ስትችዪ፣ ለጽዮን ማርያም በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ቆመሽ… ስለቱን በጆሮዋ ብትነግሪያትስ? እመቤታችን መስማት ተስኗት ነው በድምፅ ማጉያ የተናገርሽው?

ዘርፌ፦ ስለት እንዴት እንደሚገባ ጠፋዎት? «ስለት ያላችሁ ወደ ፊት ኑ» አሉ፤ ወጣሁ። ጃንጥላዬን ዘረጋሁ። ከፊቴ የነበረችው «ልጅ ሰጠችኝ» አለች፤ እልል ተባለ። ቀጥሎ ያለው «ከእስር አስፈታችኝ» አለ፤ እልል ተባለ። የእኔ ተራ ሲደርስ ምን ልበል? ብርድ መትቶኝ ነበር ብዬ፣ ለአንድ ብርድ ባለ ወርቅ ዘርፍ ጃንጥላ ላስገባ? እዚያው ፊቷ ቆሜ ልዋሻት?

እንዳሻው፦ «ታምሜ ነበር» ማለት ይበቃ ነበር።

ዘርፌ፦ እሷ ያዳነችኝ ከሳንባ ነቀርሳ ነው። የበሽታውን ስም ከሸሸግሁ ምስጋናው ምኑ ላይ ነው? ደግሞ እልል አላችሁ እኮ! በሠርጌ ቀን እንኳ እንደዚያ ያለ እልልታ አልሰማሁ። እርስዎ ራስዎ አጨብጭበዋል፤ በዓይኔ አይቻለሁ።

እንዳሻው፦ ያጨበጨብኩት ለማርያም ነው።

ዘርፌ፦ እልልታው ሳያልቅ፣ ከጎኔ ቆማ የነበረችው ትርንጎ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ለእኔ ያለቀሰች መስሎኝ «አይዞሽ፣ ድኛለሁ» ብዬ ትከሻዋን ደባበስኩ። እጄ ሲነካት እንዴት እንደዘለለች ቢያዩ!

እንዳሻው፦ አይ ዘርፌ።

ዘርፌ፦ ከዚያ ወዲያ ደጄን የረገጠ ሰው የለም። ሸማኔው የወሰደውን ፈትል በአጥር ወርውሮልኝ ሄደ። የጎን ጎረቤቴ ደግሞ ዶሮዎቿ ወደ እኔ ግቢ እንዳይሻገሩ የአጥሩን ቀዳዳ በእሾህ ደፈነችው። ዶሮ እንኳ ትሽሸኝ? ዶሮንም ቲቢ ይይዛታል?

እንዳሻው፦ ሰዉ ፈርቶ ነው እንጂ ክፋት የለውም።

ዘርፌ፦ ክፋት ቢሆንማ ይሻለኝ ነበር። ከክፉ ሰው ጋር ተሰዳድቦ፣ ሽማግሌ ገብቶ፣ ታርቆ ይኖራል። የፈራኝን ሰው ምን አደርገዋለሁ? በምን አስታርቃችሁ ልበለው?

እንዳሻው፦ ስሚኝ፤ መላ አለ። የዚህን ወር ተራሽን ለሌላ እናዙረው። ክረምት አልፎ፣ ነገሩ ሲረሳ፣ ያኔ ትደግሻለሽ።

ዘርፌ፦ ክረምት? ገና ታኅሣሥ ነው እኮ!

እንዳሻው፦ ሰው እስኪረሳ ነዋ።

ዘርፌ፦ የትርንጎ እናት በገዛ ልጇ ሠርግ ወጥ ማሳረሯን እስከ ዛሬ የሚያወራ ሰፈር ነው ይሄ። ያረረ ወጥ ያልረሳ ሰው የእኔን ሳንባ ሊረሳ?

እንዳሻው፦ እሱስ እውነትሽን ነው። እኔም በልቼዋለሁ ያን ወጥ።

ዘርፌ፦ እሰይ፣ ሳቁ! ጋቢውም ወረደ። ፊትዎን እንዴት ናፍቄያለሁ መሰለዎት።

እንዳሻው፦ አታስቂኝ በናትሽ፣ ለቁም ነገር ነው የመጣሁት። ሌላም መላ አለ። ቤተ ክርስቲያን ሰንበቴ ቤቱ ውስጥ እናድርገው። ድግሱ በአንቺ ስም ይሁን፤ ጠላውን ግን ሌላ ሰው ይጥመቅ።

ዘርፌ፦ ጠላዬ ድፍድፉ ደርሷል። ስንት ዘመን የጠጣችሁት የእኔ እጅ ዛሬ ምን ሆነ? ደግሞ እናንተን ጠላ ለማጠጣት ብዬ የምለፋ መሰለዎት? የምፈልገው ቤቴ እንድትገቡ ነው። ለሚካኤል ሰው እዚህ ገብቶ፣ ተቀምጦ፣ ቀምሶ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ከወጣ በማግስቱ ሸማኔው ይመለሳል። እሾሁ ይነሳል። ልጄ ሮማንም ልጇን ይዛ ትመጣለች። ይህች ቀን ካለፈችኝ ግን አለቀልኝ፤ ስሞት እንኳ የሚገንዘኝ አላገኝም።

እንዳሻው፦ ተይ፣ እንዲህ አይባልም።

ዘርፌ፦ እንዳልል ኑልኝ። ሁላችሁም ባትችሉ ግማሻችሁ።

እንዳሻው፦ ጠይቄያለሁ።

ዘርፌ፦ እና?

እንዳሻው፦ ቤት ለቤት ዞሬ ነው የጠየቅሁት። አንዱ መንገድ አለብኝ አለ። አንዷ ጉልበቴን አመመኝ አለች። ትርንጎ ሕልም አይታለች።

ዘርፌ፦ ምን ዓይነት ሕልም?

እንዳሻው፦ እንዳትነግረኝ ብዬ ቶሎ ወጣሁ።

ዘርፌ፦ እርስዎስ? የሌላውን ይተዉትና።

እንዳሻው፦ እኔ ቤት ሕፃናት አሉ። ሚስቴም «ከገባህ እዚያው ቅር» ብላ ነው የላከችኝ።

ዘርፌ፦ ጋሽ እንዳሻው፣ እናትዎን የገነዘ ማን ነው?

እንዳሻው፦ አንቺ ነሽ። እግዜር ይስጥሽ፣ አልረሳሁም።

ዘርፌ፦ ከዚያ በፊትስ? ያን ክረምት ሙሉ አክታቸውን ስደፋ የነበርኩት? እርስዎ እንኳ ደጅ ሆነው ነበር «ዛሬስ እንዴት ዋለች?» የሚሉኝ። ምን ነበር ያመማቸው?

እንዳሻው፦ ብርድ ነዋ።

ዘርፌ፦ ደም የሚያስተፋ ብርድ?

እንዳሻው፦ ብርድ ነው አልኩሽ! እናቴን ብርድ ነው የገደላት። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ዘርፌ፦ አይደንግጡ፣ ለማንም አልናገርም። በእናትዎ ስለት የለብኝ።

እንዳሻው፦ በእግዜር፣ ዘርፌ! ሴት ልጄ ልትዳር ነው። ሽማግሌ ተልኮብኛል። እንዲህ ያለ ነገር ከተሰማ ማን ይወስዳታል?

ዘርፌ፦ ላልናገር ብዬ ነገርኩዎት። ለእርስዎ ብቻ እንዲያስታውሱት ነው። ስንት ዓመቴ ነው ከዚያ ወዲህ? ያን ጊዜ ጽዋችሁን ስሰጣችሁ የፈራኝ አልነበረም።

እንዳሻው፦ አስታወስኩ። እኔ ምን ላድርግሽ ታዲያ? ብቻዬን ብመጣ ማኅበር አይሆንም። ብቀር ደግሞ ይኸው እንዲህ ትዪኛለሽ።

ዘርፌ፦ ብቻዎን ቢመጡ እንኳ ሰው መጣ እላለሁ።

እንዳሻው፦ አልችልም። አትለምኚኝ። … የመጨረሻ መላ ልንገርሽ። ቦታሽን ለልጅሽ ብታወርሻትስ?

ዘርፌ፦ ለሮማን?

እንዳሻው፦ ለሮማን። ከመጀመሪያውም የአባቷ ቦታ ነበር። ከአንቺ ወደ እሷ ቢያልፍ ምን ነውር አለው? ከቤታችሁ አይወጣ።

ዘርፌ፦ እኔ የወረስኩት ባሌ ሲሞት ነው። አርባው ወጥቶ፣ ጥቁር ለብሼ፣ እርስዎ ራስዎ እጄን ይዘው «በእሱ ቦታ ተቀመጪ» አሉኝ። የጽዋ ቦታ የሚወረሰው በሞት ነው። እኔ ሞቻለሁ?

እንዳሻው፦ ኧረ ዕድሜ ይስጥሽ!

ዘርፌ፦ ከሞትኩ በወጉ ይሁንልኛ! ድንኳን ጣሉ። ኑና አልቅሱልኝ። ለቅሶ ቤት ሰው አይፈራም፤ ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ንፍሮ ይበላል። ንፍሮውን እኔው እቀቅልላችኋለሁ። ትርንጎም ደረቷን እየመታች ሕልሟን ታውራልኝ። ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ከሰነበተልኝ፣ ሙት ናት ብትሉኝም አልቀየም።

እንዳሻው፦ ዘርፌ፣ እባክሽ ተይ።

ዘርፌ፦ ደግሞስ ሮማንን ማን ያስደግሳታል? አማቷን አያውቋትም? ከጽዮን ወዲህ የልጄን ዓይን እንዳላይ ያደረገችኝ ሴትዮ፣ «የእናትሽን ማኅበር አምጥተሽ ቤቴ አስገቢ» ልትላት ነው?

እንዳሻው፦ አማቷስ እሺ ብላለች።

ዘርፌ፦ ምን አሉ?

እንዳሻው፦ ማለቴ… እሺ ትል ይሆናል።

ዘርፌ፦ «ብላለች» ነው ያሉኝ።

እንዳሻው፦ አምልጦኝ ነው። ይቅር፣ ሌላ ቀን እንነጋገር።

ዘርፌ፦ እንዳይሄዱ! ሴትዮዋን ማን ጠየቃት? በሚካኤል ይሁንብዎት፣ ይንገሩኝ።

እንዳሻው፦ ሮማን።

ዘርፌ፦ የእኔ ሮማን?

እንዳሻው፦ ሰኞ ዕለት ቤቴ መጥታ ነበር። ተቀምጣ አለቀሰች። «የእናቴን ቦታ ስጡኝ፣ የፊታችንን ሚካኤል እኔ ልደግስ» አለችን። እኛ አይደለንም ያነሳነው ዘርፌ። እሷ ናት።

ዘርፌ፦ ሰኞ ጌሾ ገዝታ ልታመጣልኝ ልካብኝ ነበር። ስጠብቃት ዋልኩ። በኋላ «ልጄን ቤዛን ጉንፋን ይዟታል» ብላ ላከችብኝ።

እንዳሻው፦ ጉንፋን አልያዛትም።

ዘርፌ፦ ቤዛ ምን ሆነች? ልጅቷ ምን ሆነች?

እንዳሻው፦ ደህና ናት። አስመርምረዋታል፣ ምንም የለባትም። ትምህርት ቤት ግን ብቻዋን ነው የምትቀመጠው። ልጆቹ «የሳንባ ዘር» ይሏታል።

ዘርፌ፦ የሳንባ ዘር።

እንዳሻው፦ አማቷ ደግሞ «ይሄ ነገር በዘር ነው የሚሄደው፣ ልጃችንን አስቀርተን እሷን ወደ እናቷ እንመልሳታለን» ትላለች። ባልየው ዝም ብሏል። ሮማን ቁጭ ብላ ስታስበው፣ ማኅበርተኛው ቤቷ ገብቶ ከበላና ከጠጣ ቤቷ ንጹሕ ነው ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ አማቷም አፏን አትከፍትባትም።

ዘርፌ፦ እኔ ያሰብኩትን ነው ያሰበችው።

እንዳሻው፦ ልጅሽ አይደለች?

ዘርፌ፦ ይመጣሉ? ሮማን ቤት ከሆነ ይመጣሉ?

እንዳሻው፦ ሁሉም እሺ ብሏል።

ዘርፌ፦ ጉልበቷን ያመማትም?

እንዳሻው፦ ተሽሏታል።

ዘርፌ፦ የትርንጎስ ሕልም?

እንዳሻው፦ ሌላ ሕልም አይታለች።

ዘርፌ፦ ታዲያ ሁሉን ከጨረሳችሁ እርስዎ እዚህ ምን አቆመዎት?

እንዳሻው፦ ቄሳችን አባ ክንፈ ናቸው እምቢ ያሉት። «በሕይወት ያለች ሴት ቦታ ያለ ቃሏ አይነሳም። ሂድና ከአፏ ስማ። ፈቅጃለሁ ካለች ልጅቷ ትደግስ፤ ካላለች ተራው የእናትየዋ ነው» አሉኝ።

ዘርፌ፦ ጽዋውን በጨርቅ ጠቅልዬ ባወጣልዎትስ?

እንዳሻው፦ «ሰጥታኛለች፣ ፈቅዳለች» ልላቸው ነበር። የሮማንን ነገር ሳልነግርሽ። እንዳታዝኚ ብዬ ነው።

ዘርፌ፦ እንዳላዝን።

እንዳሻው፦ ክፉ ሰው አይደለሁም ዘርፌ።

ዘርፌ፦ አውቃለሁ። ጽዋውን ለሮማን ነው የሚወስዱላት?

እንዳሻው፦ እሱማ… አዲስ ተገዝቷል።

ዘርፌ፦ ታዲያ የእኔ ምን ይሠራላችኋል?

እንዳሻው፦ የተባረከ ዕቃ ነው፤ አይጣል፣ አይሸጥ። ቤተ ክርስቲያን ጓሮ ይቀበራል።

ዘርፌ፦ በጸሎት?

እንዳሻው፦ በጸሎት ነው እንጂ! አባ ይደግሙለታል።

ዘርፌ፦ እሱስ ታድሏል።

እንዳሻው፦ እንዲህ አትበይ።

ዘርፌ፦ ድፍድፌንስ ትፈልገዋለች? ጥሩ ወጥቷል። በጓሮ በር ይወሰድላትና ከማን እንደመጣ ሰው አይወቅ።

እንዳሻው፦ የራሷን ጠንስሳለች።

ዘርፌ፦ ጌሾ ታበዛለች እሷ። ከልጅነቷ ጀምሮ ነው፤ ብነግራት ብነግራት አትሰማኝም። እንዳታበዛ ይንገሯት፤ የመረረ ጠላ ሰው አይደግመውም።

እንዳሻው፦ እነግራታለሁ። እንግዲህ ይሄ ፈቅጃለሁ ማለትሽ ነው?

ዘርፌ፦ ቆይ አያጣድፉኝ። ሰዉ ገብቶ ከበላላቸው በኋላ ቤዛ ከልጆች ጋር ትቀመጣለች?

እንዳሻው፦ ይመስለኛል።

ዘርፌ፦ ይመስለኛል አይበሉኝ።

እንዳሻው፦ ትቀመጣለች። ወላጆቻቸው ከበሉ ልጆቹም ይጠጓታል።

ዘርፌ፦ ሮማንንስ አይመልሷትም?

እንዳሻው፦ ማኅበር ያስገባች ምራት እንዴት ብለው ይመልሳሉ?

ዘርፌ፦ ፈቅጃለሁ። ለአባ ክንፈ ከአፏ ሰማሁ ይበሏቸው።

እንዳሻው፦ ሚካኤል ይባርክሽ! እናት ማለት እንዲህ ናት። እኔስ ምን ብዬ ቤቴ እገባለሁ ብዬ ነበር።

ዘርፌ፦ ትንሽ ይቆዩ። አንድ ነገር ልለምንዎት።

እንዳሻው፦ የፈለግሽውን።

ዘርፌ፦ እዚያ እንደማልመጣ ገብቶኛል፤ ልምጣም አልልም። አባ ጽዋውን ከባረኩ በኋላ ስም ይጠሩ የለ? መጀመሪያ የሕያዋኑን፣ ቀጥሎ ያረፉትን። ስሜ ከሕያዋኑ ጋር ይጠራልኝ። ቦታዬን ሰጠሁ፣ ድግሴን ሰጠሁ፤ ስሜ አንድ ጊዜ ከሰው ስም ጋር ከተነሳ ይበቃኛል። እዚህ ተቀምጬ «አሁን ስሜ ተጠራ» እላለሁ።

እንዳሻው፦ አባም ከሕያዋኑ ጋር እጠራታለሁ ብለው ነበር።

ዘርፌ፦ እግዜር ይስጣቸው። ነበር ማለት ምንድን ነው?

እንዳሻው፦ እንግዲህ ድግስ የባለቤቱ ነው። ባለቤቱ ደስ ካላለው…

ዘርፌ፦ አማቲቱ ናት አይደል? እሷ ብትል አይገርመኝም። ሮማን ታግባባታለች፤ ይተዉላት።

እንዳሻው፦ አማቷ አይደለችም።

ዘርፌ፦ ትርንጎ ናት?

እንዳሻው፦ ዘርፌ፣ ለምን ታስለፈልፊኛለሽ? ፈቅደሻል፣ አለቀ። በእግዜር ልሂድ።

ዘርፌ፦ ማን ነው ስሜ አይጠራ ያለው?

እንዳሻው፦ ሮማን ናት። «የእሷ ስም ከተነሳ ሰዉ ያስታውሰዋል፤ የያዘውን ያስቀምጥና ይወጣል። ለዚያች ቀን እናት እንደሌለኝ ይሁንልኝ» አለችን።

ዘርፌ፦ በገዛ አፏ?

እንዳሻው፦ በገዛ አፏ። እያለቀሰች ነው ያለችው፤ ደስ ብሏት አይደለም።

ዘርፌ፦ ካረፉትም ጋር አይጠራ አለች?

እንዳሻው፦ ከሁለቱም ጋር።

ዘርፌ፦ እንግዲያው ቃሌን ይመልሱልኝ።

እንዳሻው፦ ምን? ዘርፌ! ትዳሯ ይፈርሳል እኮ! ቤዛስ? አሁን አይደለም እንዴ ስለ ቤዛ የጠየቅሽኝ?

ዘርፌ፦ ቦታዬን ለቤዛ ብዬ ሰጥቼ ነበር፤ አልነበረችም መባልን ግን አልሰጥም። ለአባ ክንፈ «አልፈቀደችም፣ ተራው የሷ ነው» ይበሉልኝ፤ ለሚካኤል ሰው ባይመጣ ስሜን እኔው ራሴ እጠራዋለሁ።